የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የመረጃ አጠቃቀም ትምህርት፤ ጎንደር ከተማና የሰሜን ጎንደር ደጋ

የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት አንድ ሰው ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ለይቶ፣ ያንን ከየት እንደሚያገኝ ፈልጎ፣ ያገኘውንም መዝኖ ለጉዳዩ የሚያውልበት ችሎታ ነው። ፊደል ከመቁጠር ጋር ይዛመዳል እንጂ አንድ አይደለም። አቀላጥፎ የሚያነብ ወጣት በስልኩ የደረሰውን ጽሑፍ ሁሉ አምኖ ሊያሰራጭ ይችላል፤ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ደግሞ ከገበያ የመጣ ወሬ ሲነገራቸው «ማን አየ? መቼ?» ብለው ሲያጣሩ ይታያሉ። ጽንሰ ሐሳቡን በዚህ ስም መጀመሪያ የተጠቀመበት አሜሪካዊው ፖል ዙርኮቭስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጽፍ ያሰባቸው በሥራቸው ላይ የመረጃ ምንጮችን የሚጠቀሙ ሠራተኞችን ነበር። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1989 ባወጣው ሪፖርት ነገሩን ወደ ትምህርትና ወደ ዜጎች የዕለት ኑሮ አሰፋው፤ በ2005 በግብጽ እስክንድርያ የወጣው መግለጫ ደግሞ ከዕድሜ ልክ ትምህርት ጋር አስተሳሰረው። ዩኔስኮ በ1949 ያወጣውና በኋላ ከዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር የሚያሳድሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ፣ በ2022 በወጣው እትሙ ይህን ማስተማር ከቤተ መጻሕፍቱ ዋና ተግባራት ይቆጥረዋል።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሌሎቹ የትምህርት ቦታዎች የሚለየው በሩ ላይ ነው። የመግቢያ ፈተና የለውም፤ የክፍል ደረጃም ዕድሜም አይጠይቅም። ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ አናጢ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ከደጋ ወርዶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት እኩል የሚገቡበት የመንግሥት ቤት ሌላ ብዙ አይገኝም። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በጎንደር ከተማም ሆነ በደባርቅ፣ በዳባት፣ በወገራ፣ በጃናሞራና በበየዳ ደጋዎች ጥያቄው ቤቱ ይህን ሕዝብ በእርግጥ ያስገባዋል ወይ፣ ካስገባውስ ምን ያስተምረዋል የሚል ነው።

ጎንደር ዕውቀትን ስለ መመዘን ከውጭ ተምራ የጀመረች ከተማ አይደለችም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት መናገሻቸው ካደረጓት ጀምሮ የአብነት ትምህርት ዋና ማዕከል ሆና ቆይታለች። የአብነቱ ተማሪ ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጽሐፍ ቤት ይደርሳል፤ እዚያም ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን ከነትርጓሜያቸው ይማራል። መንገዱም በአገር ተከፋፍሎ የታወቀ ነበር፤ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ጎጃምና ወደ ዋድላ፣ ለትርጓሜና ለአቋቋም ወደ ጎንደር። ተማሪው ምን ዓይነት ዕውቀት የት እንዳለ ሳያውቅ መንገድ አይጀምርም። በዚህ ሥርዓት ምንጩ ሰው ነው፤ የምንጩ ተአማኒነትም መምህሩ ከማን እንደተማረ፣ ያም ከማን እንደተማረ በሚቆጠር የመምህራን ሐረግ ይረጋገጣል።

በተለይ የአንድምታ ትርጓሜ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ ከታሰበው ትምህርት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። አንድ የመጽሐፍ ቃል ይነበባል፤ ትርጉሙ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «አንድም» እየተባለ ሌላ ትርጉም፣ ከዚያም ሌላ ይከተላል። ተማሪው አንዱን ብቻ ይዞ አይወጣም። ሁሉንም በየተራቸው ያጠናል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች መምህራን የሚለያዩበትን ያውቃል፤ ቅጂዎች ሲለያዩም ያስተያያል። ትምህርቱ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሽበት ያወጣ ሰው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቢማር የሚያፍርበት ነገር የለም። የዕድሜ ልክ ትምህርት የሚባለውን ለጎንደር ሰው ለማስረዳት ከዩኔስኮ የመጣ ሰነድ ጥቅስ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ይህን ቅርስ ከልክ በላይ ማወደስ ጥያቄውን ይሸፍነዋል። የአብነት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በብዛት ወንዶችና ለክህነት የሚዘጋጁ ነበሩ። በአዲስ ዓለም የቁርዓን ቤቶችና በቤተ እስራኤል ቄሶች ዘንድም ንባብ ነበረ፤ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ማኅበረሰብና ለሃይማኖቱ ጉዳይ ነበር። ገበሬው፣ ሸማኔውና የቤት እመቤቷ መጽሐፉ ሲነበብ ይሰማሉ እንጂ አይገልጡትም። ሥርዓቱ የጸናው የወረደውን ጽሑፍ ሳይፋለስ በማስተላለፍ ላይ ነው፤ «ማን ነገረህ?» የሚለውን ጥያቄ አጥብቆ ያስተምራል፤ «እሱስ በምን አወቀ?» የሚለው ግን መምህሩ ፊት ሲደርስ ይለዝባል። የዛሬው የመረጃ ትምህርት ሁለቱንም ጥያቄዎች ይፈልጋል።

መጽሐፎቹ ራሳቸው ምን እንደሆኑም መታወቅ አለበት። በፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ ያገለግል የነበረው ግን ቤተ መንግሥቱን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በመድኃኔ ዓለም ስም ሊያቋቁሙት ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰበሰቡ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተዘረፈው ክምችት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለብሪትሽ ሙዚየም ደረሱ። ከዚያ በፊት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብራናዎች ይዞ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሳይቀር ወደ ፓሪስ ወስዷል። ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹ አሁን በዲጂታል ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ጎንደር ፒያሳ ያለ ተማሪ በመርህ ደረጃ የአያቶቹን መጽሐፍ በስልኩ ሊገልጥ ይችላል። ለዚህ ግን መጽሐፉ በደብሩ ስም ሳይሆን በባዕድ ቋንቋ ካታሎግ ውስጥ በመለያ ቁጥር እንደተመዘገበ ማወቅ አለበት። ይህን የሚያሳይ ሰው ከሌለ በሩ ክፍት ሆኖ እንደተዘጋ ይቆያል።

ተራው ሕዝብ በብዛት ከጽሑፍ ጋር የተገናኘው በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በማግስቱ ዓመትም ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። ከአብዮቱ በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከአሥር በመቶ በታች ነበር ይባላል፤ መንግሥት በ1970ዎቹ አጋማሽ 63 በመቶ ደርሷል ቢልም የውጭ ግምቶች ወደ 37 በመቶ ዝቅ ያደርጉታል። የቁጥሩ ክርክር እንዳለ ሆኖ ዘመቻው ደጋው ድረስ ዘልቆ ጎልማሶችን በፋኖስ ብርሃን ማስቀመጡ አይካድም።

የዘመቻው ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ግን ከውጤቱ ይልቅ ከመርሳቱ ነው። አዲስ አንባቢዎች ክህሎታቸውን እንዳያጡ የገጠር የንባብ ማዕከላት ተቋቁመው ነበር። ማዕከላቱ የተሞሉት በመሠረተ ትምህርት የክትትል መጻሕፍትና በመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ አዲስ ነገር ሳይገባላቸው፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ እየበረታ፣ ተንከባካቢ እያጡ ብዙዎቹ ተዘጉ። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳም የሚያነበው ስላላገኘ ፊደሉን መልሶ ረሳ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ለ2017 ያወጣው አኃዝ ከኢትዮጵያ ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚችለውን 52 በመቶ ገደማ ያደርገዋል፤ ይህም ከአርባ ዓመት ጥረት በኋላ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ጋር ለማያያዝ የሞከረው ይህን ድክመት አይቶ ነው። ከስሙ እንደሚታየው አስቦታል፤ ሠልጣኙ ከጨረሰ በኋላ ወዴት ሄዶ እንደሚያነብ ግን አላሳየም።

የዛሬው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኢትዮጵያ ውስጥ በአብዛኛው የተማሪ ማጥኛ ነው። ይህ ለከተሞቹ የተለመደ ገጽታ ነው፤ አዳራሹ በጧት ይሞላል፤ ከሞሉት አብዛኞቹ የራሳቸውን ደብተርና የፈተና ጥያቄ ይዘው የመጡ ናቸው፤ የሚፈልጉት ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። መጽሐፍ የፈለገ ከመስኮቱ ስሙን ተናግሮ መታወቂያ አስይዞ ይወስዳል፤ መደርደሪያው ውስጥ ገብቶ ማገላበጥ ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ለመጻሕፍቱ ደኅንነት ሲባል ነው፤ ምክንያቱም አለው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ከመስኮቱ ፊት ቆሞ የሚለው ያጣል። የመረጃ ክህሎት ግማሹ የሚፈልጉትን ሳያውቁ ፈልጎ ማግኘት ነውና፣ የተዘጋ መደርደሪያ ይህን ግማሽ ከመጀመሪያው ያስቀረዋል።

ማጥኛነቱ የሚናቅ አይደለም። ቤት ውስጥ መብራትና ጸጥታ የሌለው ልጅ ሌላ የት ይሄዳል? ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ወንበሩ ለምን እንደሚሻማበት ያስረዳል። ያው ቁጥር ግን ሌላም ነገር ይናገራል፤ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ከፈተናው በኋላ የሚቀጥሉት ከመደበኛው መንገድ ውጭ ነው። እነዚህ ወጣቶች ፈተናው ሲያልቅ ከቤተ መጻሕፍቱም ይወጣሉ፤ ራሳቸውን ችለው መማር የሚያስፈልጋቸው ግን ያኔ ነው። ቤቱ ሊያስተምራቸው የሚገባው ከፈተናው ማግስት ጀምሮ ነው።

እና ምን ይማሩ? ከውጭ የሚመጡ ሥርዓተ ትምህርቶች ባብዛኛው የሚጀምሩት ከኢንተርኔት ፍለጋ ነው። ለጎንደር አንባቢ ግን ከዚያ የሚቀድሙ፣ የሌላ አገር መመሪያ የማያነሣቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ከአውሮፓው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 በሰባት፣ ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት ይለያል፤ ሰዓቱም በስድስት ይለያል። የጎንደርን አመሠራረት አንዱ መጽሐፍ 1628 ሲለው ሌላው 1636 ይለዋል፤ አንባቢው ሁለቱ እንደሚጋጩ አድርጎ ወይ አንዱን ይጥላል ወይ ሁለቱንም ይጠራጠራል። በኢንተርኔት የሚሞላ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚዘጋበትን ሰዓት በአገር ቤት አቆጣጠር አንብቦ ያመለጠው ተማሪ እንግሊዝኛ ስላልቻለ አይደለም የቀረበት።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አንድ በመሆናቸው ጸሐፊዎች እንደየልማዳቸው ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተር ግን እንደተለያዩ ፊደላት ይቆጥራቸዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ውስጥ መግባቱ በስልክ ለመጻፍ አስቻለ እንጂ ይህን አልፈታም። ስለ ዐፄ ፋሲል የሚፈልግ ሰው «ዐፄ»፣ «አፄ»፣ «አጼ»፣ «ዓፄ» እያለ ካልሞከረ ግማሹን አያገኝም፤ «ጎንደር»ና «ጐንደር»ም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ላይ የስም አቀማመጥ አለ። የኢትዮጵያ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። ደንቡን ያላወቀ ካታሎግ ግን ተክለ ጻድቅ መኩሪያን በ«መ» ሥር ሊያስገባቸው ይችላል። እነዚህን በግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል፤ አማርኛ የሚጠቀም ማንኛውም አንባቢ ዕድሜውን ሙሉ ይጠቀምባቸዋል።

ወደ ደጋው ሲወጣ ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ በገበሬው እጅ ያለው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው ይህ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ፣ የማሳውን ስፋት፣ አዋሳኞቹን፣ የባለይዞታውን መብትና ግዴታ ይይዛል፤ በሁለተኛው ዙር ምዝገባ ደግሞ የማሳ ካርታ ተጨምሯል። ብዙ ቤተሰብ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ ምን እንደሚል የሚያውቀው ግን ሲከራከር ነው። አዋሳኙ በስህተት የተጻፈበት፣ ለዓመታት ያከራየ፣ ውርስ የሚጠብቅ ሰውም ሆነ ባሏ የሞተባት ሴት ደብተሩን ገልጠው የትኛው መስመር እነሱን እንደሚመለከት ማወቅ አለባቸው። ካርታ ማንበብ፣ የተጻፈውን ከመሬቱ ጋር ማመሳከር፣ ሕጉን ፈልጎ አንቀጹን ማግኘት፣ ለማን አቤት እንደሚባል መለየት፤ የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት የሚባለው በሙሉ በዚህ አንድ ደብተር ዙሪያ ሊሰጥ ይችላል። ለጎልማሳ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል።

ጤናም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ አካባቢው ሁለት ምሳሌዎች አሉት። በደንቢያና በፎገራ ከሌላው እህል ይልቅ ጓያ ለወራት የሚበላበት ክፉ ቀን ሲመጣ እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ይከተላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ብዙዎችን ጎድቷል፤ በወጣት ወንዶች ይበረታል፤ አንዴ ከያዘም አይመለስም። በሕዝቡ ዘንድ የሚያሽመደምደው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ወይም በማሳው ውስጥ መሄድ ነው የሚል እምነት ተመዝግቧል። እምነቱ ከመነሻው አልተሳሳተም፤ ጓያውን በትክክል ጠርጥሯል። የሳተው መንገዱን ነው፤ ስለዚህ ሰው እንፋሎቱን እየሸሸ ጓያውን ይበላል። እውነተኛው መከላከያ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ማቀላቀልና በተከታታይ አለመመገብ ነው። የሕዝብን ዕውቀት ሙሉ በሙሉ ሳይጥሉ የሳተበትን ቦታ ለይቶ ማሳየት የመረጃ መምህሩ ከባዱ ሥራ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ካላዛር ነው። በየዓመቱ ከደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በደጋው የማያውቀውን የአሸዋ ዝንብ በሽታ ይዞ ይመለሳል፤ ረጅም ትኩሳቱ ወባ ነው እየተባለ ጊዜ ያልፋል። ጎንደር ሆስፒታል የዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ሠራተኛው ግን በደላላ ብቻ እየተመራ ይወርዳል፤ ስለ ክፍያው፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ በሽታው የሚጠይቀው ሦስተኛ ሰው የለውም።

እዚህ ላይ የአንባቢው ሳይሆን የተቋማቱ ጉድለት የሆነ ነገር አለ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳባት የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ሕመም የሚከታተል የጥናት ጣቢያ አለው። ከዚያ የወጡት ጽሑፎች በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ይታተማሉ። መልስ የሰጡት የዳባት ቤተሰቦች ስለ ራሳቸው የተደረሰበትን አያነቡም። መረጃው በአማርኛ፣ በሁለትና በሦስት ገጽ ተመልሶ ወደ ወረዳው ቤተ መጻሕፍት ቢመጣ፣ አንባቢው የመረጃ ምንጭም ተጠቃሚም መሆኑን የሚያይበት ትምህርት በሆነ ነበር።

በስልክ የሚመጣው ሌላ ምዕራፍ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ይዘዋወራል፤ «በስህተት ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚለው ማጭበርበርም አብሮ መጣ። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ እየተስፋፋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ነው። ወሬን በተመለከተ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥቷል። አዋጅ የሚቀጣው የጻፈውንና ያሰራጨውን ነው፤ ተቀባዩ እንዴት እንደሚለይ አያስተምርም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባለሙያ አጣሪዎችን ከተማሪዎችና ከታሪክ ምሁራን ጋር አወዳድረው፣ አጣሪዎቹ የሚበልጡት ገጹን ረጅም ጊዜ በማንበብ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ወዲያው ከገጹ ወጥተው ሌሎች ስለ ምንጩ ምን እንደሚሉ ይመለከታሉ። በአማርኛ እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅ ቼክ ያሉ አጣሪዎች መኖራቸው ይህን ለማስተማር ይረዳል። የድሮ ፎቶግራፍ የትላንት ተብሎ ሲለጠፍ መቼና የት እንደተነሣ የሚፈለግበትን መንገድ ማሳየት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ግጭት ባለበት አገር ወሬ ሕይወት ስለሚቀጥፍ፣ ከሁሉ ትምህርቶች ይህ የማይዘገይ ነው፤ አስተማሪውም ወገን ሳይለይ የሁሉንም ወገን ወሬ በአንድ ሚዛን ማየት ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ግን መስመር ሲኖር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ አገልግሎት ሁሉ ቆመ፤ ወሬ ግን አልቆመም። ስለዚህ የጎንደርና የደጋው ቤተ መጻሕፍት ያለ መስመር የሚሠራ ክምችት ሊኖረው ይገባል፤ አዋጆች፣ የጤና መመሪያዎች፣ መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛ ውክፔዲያ ቅጂ። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ስላሉት ቅጂው በአንድ ተራ ስልክ ይያዛል፤ የአካባቢው ሰው ስለ ራሱ ወረዳ ጽፎ የሚጨምርበት ሰፊ ቦታም አለው። በሌላ በኩል በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የመጻሕፍት ቅጂዎች ብዙ ወጣት አንባቢ አፍርተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ያለ ደራሲው ፈቃድ የተቀዱ ናቸው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ይከለክላቸዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ጉዳዩን ችላ ማለትም ማሳደድም አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ቅጂው ከየትኛው እትም እንደመጣ፣ ገጽ እንደጎደለ መመርመርን ማስተማርና በሕጋዊ መንገድ የሚገኘውን ማቅረብ ነው። በአንድ ምንጭ ላይ መንጠልጠል ለሀብታሙም አይበጅም፤ የብሪትሽ ላይብረሪ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት በዲጂታል የታዩት ብራናዎች፣ የኢትዮጵያዎቹ ጭምር፣ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር።

የደጋው ችግር ርቀት ነው። ከበየዳና ከጃናሞራ ብዙ ቀበሌዎች የወረዳው ከተማ የእግር ቀን ነው፤ ሕንፃ ሠርቶ ሰው እንዲመጣ መጠበቅ ከንቱ ነው። በኢትዮጵያ የተሞከረ መንገድ አለ፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ የሕፃናት መጻሕፍትን ያዞር ነበር። የሰሜን ገደል ለጋሪ አይመችም፤ ለጭነት በቅሎ ግን ይመቻል፤ ለጎልማሳም ከመጽሐፉ ይልቅ የሚያነብለትና የሚያስረዳው ሰው መምጣቱ ይበልጣል። ሰው የሚሰበሰብበት ደግሞ አለ፤ የገበያ ቀን፣ ዕድር፣ ሰንበቴ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ጤና ኬላ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የልማት ሠራተኛው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየቀበሌው አሉ፤ የሚያነቡት አዲስ ነገር ግን እምብዛም አይደርሳቸውም። ቤተ መጻሕፍቱ መጀመሪያ እነሱን አንባቢው ቢያደርግ፣ በእነሱ በኩል ብዙ ቤት ይደርሳል። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በጎልማሳነታቸው የከተማ ኑሮን ከሀ መጀመር የነበረባቸው ናቸውና ይኸው አገልግሎት ይመለከታቸዋል።

ማን ያስተምር የሚለው ሳይመለስ የቀረው ሁሉ ምኞት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ሥር ይተዳደራሉ፤ ከትምህርት መዋቅሩ ውጭ በመሆናቸው ማስተማር ተግባራቸው ተደርጎ አይመደብላቸውም። ሠራተኛውም በብዛት የሚመዘነው መጽሐፍ ባለመጥፋቱ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና በአዋጅ ቁጥር 179/1991 እንደገና የተደራጀው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ለአገሪቱ የሙያ መመሪያ የማውጣት ሥልጣን አለው፤ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሕንፃ ምን ያህል ትኩረት እንደሚስብ አሳይቷል። ለጎንደር ግን ቀረብ ያለ አቅም አለ። በከተማው ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፤ ደባርቅም ዩኒቨርሲቲ አላት። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ የአማርኛ ፊደላትን ልዩነት የሚያስታርቅ ካታሎግ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢሠራ፣ የሕግ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን የይዞታ ደብተር ቢያነብ፣ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጥናት ይሻላል። የአብነት መምህራንንም መጋበዝ ተገቢ ነው፤ ብራና እንዴት እንደሚመረመርና ቅጂ ከቅጂ እንዴት እንደሚስተያይ ከእነሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

የትምህርቱ ውጤት የሚለካው በመጻሕፍት ብዛትም በአዳራሹ መሙላትም አይደለም፤ ሁለቱም ከማጥኛነት አያወጡትም። ቀላሉና ርካሹ መሣሪያ በመረጃ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ የጥያቄ መዝገብ ነው። የጠያቂው ስም አይጻፍበትም፤ ጥያቄው፣ የታየው ምንጭ፣ መልስ መገኘት አለመገኘቱ፣ ጠያቂው ራሱ ፈልጎ ያገኘው ወይም ተፈልጎለት መሆኑ ይመዘገባል። በዓመቱ መጨረሻ የመጨረሻው ዓምድ ቤተ መጻሕፍቱ ማስተማሩን ወይም ማገልገሉን ብቻ ይለያል፤ ያልተመለሱት ጥያቄዎች ደግሞ በሚቀጥለው በጀት ምን እንደሚገዛ፣ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የትኛው ክፍል እንደሚጠራ፣ በየትኛው የገበያ ቀን ማን ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሚላክ ይወስናሉ።